ኮምፒውተር ላስታርቅ የገባሁ ዕለት

«እማማ ታደለች፣ ያንን የሣሩን ነገር አዲስ የገቡት ልጆች አልሰሙትም፤ በእጅዎ ይጻፉልን» ብለው የልጅ ልጄ ማኅበር ልጆች ነዘነዙኝ። እንቢ ብል አይለቁኝም። እሺ አልኩ። ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ የበኩር ልጄን አዝዬ፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። አፌን የፈታሁትም በጌዴኦኛ ነው። አማርኛን የለቀምኩት ዲላ ገበያ ነው፤ አንዳንዴ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» እላለሁ። ይህን ስጽፍ የልጅ ልጄ እያየች ታርምልኛለች። ያመለጣት ካለ ሳቁና እለፉ።

የልጅ ልጄ ምህረት ትባላለች። እናቷ፣ ልጄ፣ ምህረት ገና መራመድ ሳትጀምር አረፈችብኝ። ከዚያ ወዲህ ይቺ ልጅ በእኔ ጀርባ አደገች። ባለቤቴን ከቀበርኩ በኋላ፣ ሌሎቹም ልጆቼ ሐዋሳና ቡሌ ሆራ ከገቡ በኋላ፣ ዲላ ያለችው ቤታችን ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነበርን።

ያኔም እንደ አሁኑ እግሬ አያርፍም ነበር። ዛሬ ኮንጋ እህቴ ጋ፣ ነገ ባንኮ ጎቲቲ የባሌ ዘመዶች ጋ፣ ሌላ ቀን ዝም ብዬ ከተማውን ከላይ እስከ ታች። ልጆቼ እየደወሉ ይቆጡኛል። «እናታችን፣ ምን ሆነሽ ነው የምትዞሪው? አንድ ቀን ትጠፊያለሽ!» ይሉኛል። «የሚጠፋ ሰው የት እንዳለ የማያውቅ ነው፤ እኔ የማላውቀው የት እንደምሄድ ብቻ ነው» እላቸዋለሁ።

ሌላም አመል አለኝ፤ ጸብ አይቼ ማለፍ አልችልም። አንድ ጊዜ አስፋልቱ ዳር ሁለት የባጃጅ ልጆች በተሳፋሪ ተጣልተው አንገት ለአንገት ሲተናነቁ አንደኛው ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ቁጭ አልኩ። «ካልታረቃችሁ አልወርድም» አልኳቸው። ሲለምኑኝ ሲለምኑኝ ቆይተው፣ ሌላ መላ ሲያጡ ታረቁ። ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ይስቁብኛል።

ምህረት የኮምፒውተር ትምህርት ከጨረሰች በኋላ ናትናኤል ከሚባል ጓደኛዋ ጋር አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ናትናኤል የጎንደር ልጅ ነው፤ ለትምህርት መጥቶ ዲላን ወደደና ቀረ። የማኅበራቸው ልጆች ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ይሰበሰባሉ። አንዱ ይቆምና ያወቀውን ለሌሎቹ ይናገራል፤ እነሱ ይጠይቁታል፤ ከዚያ ሻይ ጠጥተው ይበተናሉ። መጀመሪያ የተሰበሰቡት እኛ ቤት ነበር። ከጓዳ ብቅ ስል ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ጸጥ ብለዋል። ጸሎት ላይ ናቸው ብዬ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። «አሜን» እስኪሉ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የሚል የለም። ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም ኮምፒውተራቸው ላይ አፍጥጠዋል።

ማኅበሩ እያደገ ሲሄድ አንድ ኮሌጅ አዳራሹን ፈቀደላቸው። ምህረትና ናትናኤል ደግሞ ለቡና ገበሬ የሚሆን ነገር አብረው መሥራት ጀመሩ። ገበሬው በተራ ስልኩ ሲደውል ዝናብ ይኑር አይኑር፣ ቡናውን ያስጣ አያስጣ የሚነግረው ፕሮግራም ነው። ናትናኤል ቤታችን ውሎ ይገባ ነበር። ቆጮ ስሰጠው መጀመሪያ ፊቱን ያጨማድድ ነበር፤ በኋላ ራሱ ጓዳ ገብቶ የሚፈልግ ሆነ።

ከዚያ ድንገት ቀረ። «ናቲ የት ሄደ?» ስላት ምህረት «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ከሳምንት በኋላ ቁርስ ቀርቦ ሳለ እንዲህ አለችኝ፤

«እማማ፣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ። ሰኞ እሄዳለሁ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለመኖር ነው፣ እማማ።»

«ማኅበራችሁስ?»

«የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻዬ ነው። ከእኔ በኋላ የሚቆይም አይመስለኝም።» ይህን ስትል የያዘችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠችው።

እኔ ምን እላለሁ? «ጌታ ይከተልሽ፤ ሂጂ» አልኳት። ልጅ አሳድጎ አትሂጂ ይባላል እንዴ? ልቤ ግን አላመነም። ደስ ብሎት የሚሄድ ሰው ዳቦውን በልቶ ነው የሚሄደው።

ቅዳሜ ጠዋት ምህረት ወደ ስብሰባዋ ወጣች። ሻንጣዋ አልጋዋ ሥር ተዘግቶ ተቀምጧል። እኔ ያንን ሻንጣ እያየሁ ቤት መዋል አልቻልኩም። ኮንጋ እህቴ ጋ ሄጄ ላልቅስ ብዬ ነጠላዬን አደረግሁና ወጣሁ። ወደ መናኸሪያው ነበር የጀመርኩት። እግሬ ግን የራሱ ሐሳብ አለው፤ ገበያውን አቋርጦ፣ ጋራዦቹን አልፎ ኮሌጁ አጥር ጋ አደረሰኝ። ልመለስ ስል ዝናቡ ዱብ ዱብ ሳይል፣ ሳያስጠነቅቅ፣ እንዲያው ተገለበጠ። ዘበኛው ያውቀኛል። «እማማ፣ ይግቡ ይግቡ፣ ይበሰብሳሉ!» አለኝ። ሮጬ አዳራሹ ክፈፍ ሥር፣ ክፍት መስኮት አጠገብ ቆምኩ።

ከውስጥ የሚናገረው ጃርሶ ነው። ጃርሶ የያቤሎ ልጅ ነው፤ የማኅበሩ አባል፣ የሁለቱም ጓደኛ። ድምፁ የከብት እረኛ ድምፅ ነው፤ ከሸለቆ ወዲያ ማዶ ይሰማል። መጀመሪያ የሚለው ሁሉ አልገባኝም፤ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ዝናቡን እያየሁ ስለ ሻንጣው አስባለሁ። ድንገት ጃርሶ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣

«በምህረት እና በናትናኤል መካከል ግጭት ተፈጥሯል!» አለ።

ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«አንዱ የሌላውን ሊያጠፋ ነው! ይህ ግጭት ካልተፈታ ወደ ፊት መሄድ አይቻልም። ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ይቆማል!»

ለካ ይሄ ነው! ለካ ልጄን ከቤት የሚያስወጣት ጸብ ነው! እኔ ዳቦ ሳይ፣ ሻንጣ ሳይ፣ ነገሩ በአደባባይ ሽምግልና ደርሷል ማለት ነው። ደግሞ «ሊያጠፋ ነው» ይላል! ጎበዝ፣ ሰው ሊጠፋፋ ነው ሲባል ዝናብ ያስቆማል እንዴ?

በእኛ ዘንድ ከባድ ጸብ ሲሆን እናት እርጥብ ሣር ትይዛለች። ሣሩን ይዛ በመካከል ከገባች የተቀመጠ ይነሣል፤ እጁን ያነሣም ያወርዳል። እናቴ ስታደርገው በልጅነቴ አይቻለሁ። ኮሌጁ ግቢ ደግሞ ሣር ሞልቷል። በዝናቡ ወጣሁና በሁለት እጄ ሙሉ ነጨሁ። ዘበኛው ከሩቅ «እማማ! ምን ሆኑ? ለበግ ነው?» ይላል። መልስ የምሰጥበት ጊዜ አልነበረም። ነጠላዬ እየተንጠባጠበ፣ ሣሩን ከፍ አድርጌ ይዤ በሩን በትከሻዬ ገፋሁት።

አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በብርሃን የተጻፈ ነገር አለ፤ የምህረትና የናትናኤል ስም ከላይና ከታች፣ መሃላቸው የመስመር አጥር። ይኸው በግድግዳ ላይ ሳይቀር ተጽፎባቸዋል! ይበልጥ ደነገጥኩ።

«በእናት ይሁንባችሁ!» አልኩና በወንበሮቹ መሃል ባለው መተላለፊያ ተንበረከክሁ።

መጀመሪያ የተነሡት ከኋላ የነበሩት የእኛ አገር ልጆች ናቸው፤ የጌዴኦ፣ የሲዳማ፣ የጉጂ። ሣር የያዘች እናት ፊት መቀመጥ ነውር መሆኑን ያውቃሉ። እነሱ ሲነሡ ሌሎቹም ግራ እየተጋቡ ተነሡ። ምህረት ከፊተኛው ወንበር እየሮጠች መጣች።

«እማማ! ምን ሆነሽ ነው? ተነሽ! ኧረ ተነሽ፣ ሰው እያየ!»

«አልነሣም። ናትናኤል የት አለ?»

ናትናኤል በሌላኛው ጥግ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከምህረት ይበልጥ የራቀ ቦታ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። በድንጋጤ አማርኛዬ ጠፋብኝ፤

«አንቺ ናትናኤል! ነይ ወዲህ! ምን አድርጋሽ ነው ልጄን ልታጠፊያት የተነሣሽው?» አልኩት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ናትናኤል ራሱ አፉን በእጁ ያዘ። ጃርሶ ከመድረክ ወርዶ አጠገቤ በርከክ አለ።

«እማማ፣ ግጭቱ የሰው አይደለም። የኮድ ነው።»

«ኮድ ማነው? የማን ልጅ ነው? እሱንም ጥሩት!»

እንደገና ሳቅ። አንዷ ልጅ ወንበሯ ላይ ተደፋች። እኔ ግን ሣሬን አላወረድኩም። ጃርሶ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ሁለት ሰው አንድ ጽሑፍ ላይ በየራሱ ኮምፒውተር ይሠራል። በኋላ ሥራቸው አንድ ላይ ይቀላቀላል። አንዷን መስመር ሁለቱም ለየራሳቸው ቀይረዋት ከሆነ ማሽኑ የማንን ልያዝ ብሎ ይቆማል። ይህ ነው ግጭት የሚባለው። ዛሬ የሚያስተምረው እንዴት እንደሚፈታ ነው፤ ለምሳሌ ያቀረበውም የምህረትንና የናትናኤልን ሥራ ነው።

አፈርኩ። ፊቴ ጋለ። ነጠላዬ የአዳራሹን ወለል አርጥቦታል፤ ፊት ለፊቴ ያ ሁሉ የተማረ ልጅ ቆሟል። ልነሣ አንድ እጄን መሬት ላይ አደረግሁ። ግን ቀና ስል የምህረትን ፊት አየሁ። እየሳቀች አልነበረም። ናትናኤልም ሳቁን ጨርሷል፤ ጫማውን ያያል።

«እሺ» አልኩ። «ጸብ የለም አላችሁ። ጥሩ። እንግዲያው ይቺ መስመር ምንድን ናት? ንገሩኝ።»

ምህረት ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣

«ገበሬው ሲደውል ስልኩ መጀመሪያ የሚለው ነው። ሰላምታው። እኔ በጌዴኦኛ ይቅደም አልኩ» አለች።

«እኔ በአማርኛ» አለ ናትናኤል ከጥግ። «ሁሉም ይሰማዋል ብዬ ነው። የመጣሁበትን አገር ላስቀድም ብዬ አይደለም። እሷ ግን እንደዚያ አለችኝ።»

«እንደዚያ አላልኩም!»

«ብለሻል። በር ላይ ቆመሽ።»

«አንተ ደግሞ ‹የአንድ ወረዳ ነገር አድርገሽ ልታስቀሪው ነው› አላልክም?»

«ብያለሁ። በማግሥቱ ልነግርሽ መጣሁ፤ በር አልከፈትሽም። አዲስ አበባ መሄድሽንም የሰማሁት ከሰው ነው፣ ምህረት። ከሰው!»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የሚስቅ ሰው ጠፋ።

«ይኸው አገኘነው» አልኩ እኔ። «ይሄንን ነው ሣር የሚይዙለት።» ሣሩን ለሁለት ከፍዬ አንዱን ለምህረት ሰጠኋት። ናትናኤልን ጠበቅሁት። ከጥጉ ወጥቶ ያንን ሁሉ ወንበር እየታከከ መጣ፤ ጎንበስ ብሎም በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ጉልበቴም ስለደከመ ያነሣኝ እሱ ነው።

«በሉ አሁን ማሽኑን አስታርቁት። እኔ ሳላይ አልሄድም» ብዬ ከፊት ተቀመጥኩ። አንዷ ልጅ ሹራቧን አውልቃ አለበሰችኝ።

ሁለቱ በየቦታቸው በየኮምፒውተራቸው ላይ አቀረቀሩ። ጣታቸው ተንጫጫ። ጃርሶ ግድግዳውን እያየ ቆየና ሳቁ አመለጠው።

«እንደገና ተጋጨ!» አለ።

«ደግሞ ምን ሆኑ?» አልኩ።

«ምህረት የራሷን አጥፍታ የናትናኤልን አስገባች። ናትናኤል ደግሞ የራሱን አጥፍቶ የእሷን አስገባ። ማሽኑ አሁንም ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያገኘው፤ ተገላበጡ እንጂ!»

እንዲህ ያለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም። ናትናኤል «አንቺ ለምን ትቀይሪዋለሽ? እኔ እለቅልሽ የለም እንዴ!» ይላል፤ እሷ «ማን ልቀቅ አለህ?» ትላለች። በር ላይ «አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ ሁለቱም ውጭ የሚቀሩ ሰዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ። በመጨረሻ ጃርሶ ሁለቱን እየጎተተ አንድ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጣቸው። ተንሾካሾኩ። ተከራከሩም፤ ግን ትከሻ ለትከሻ ሆነው። ከዚያ ምህረት አንዲት ነገር ነካች፣ ግድግዳው ላይ ያለው አጥር ጠፋ። ሁለቱ ሰላምታ ከላይና ከታች፣ ጌዴኦኛው ቀድሞ አማርኛው ተከትሎ፣ ተቀምጠዋል። ጌዴኦኛው እንዲቀድም ያለው ናትናኤል ነው፤ «አማርኛው ረዥም ስለሆነ ገበሬው ሳይሰለች» አለ ለሰበብ።

ቤት ስንገባ ምህረት ስለ ጉዞዋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አልጠየቅኋት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረን ዘመርን፤ ሻንጣው ግን ከአልጋው ሥር አልተነቃነቀም። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። የመንገድ ስንቅ ላዘጋጅ ብዬ ጓዳ ገባሁ፤ እጄ ግን ምንም አይይዝም። ከክፍሏ ድምፅ ይሰማኛል፤ በስልክ ነው። «አይደለም ናቲ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው ስህተቱ… እሺ፣ ና እንየው… ቆጮ? እጠይቃታለሁ።»

እየሰማሁ እንዳልሰማ ሆኜ ቆምኩ። ብቅ አለች። ጸጉሯ አልተሠራም።

«እማማ፣ ከሻንጣው ውስጥ ወፍራሙን ሹራቤን አውጪልኝ እስቲ። በርዶኛል።»

በቃ፤ ያለችው ይህንን ብቻ ነው። ሹራቡን አወጣሁ። ከሹራቡ ጋር ቀሚሶቿንም አወጣሁ፤ ጫማዎቿንም። እያየች አልከለከለችኝም። ሻንጣውን ባዶ አድርጌ ቆጥ ላይ ሰቀልኩት።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ምህረት በመቅረቷ ትክክል ሆነች አልልም፤ አዲስ አበባም ብትሄድ ያው ጌታ ያለበት አገር ነው። ምናልባት እዚያ የበለጠ ትሆን ነበር፤ ይህን የሚያውቅ የለም። እኔ የማውቀው በጸብ አለመሄዷን ነው። ስልኩ ዛሬም ለገበሬው ይናገራል። እህቴ ኮንጋ ሆና ዝናብ ስትጠይቀው እሰማለሁ፤ ሲያበቃ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ትዘጋዋለች።

እኔ ግን ተለወጥኩ። ከዚያ በፊት የተማረ ሰው ያለበት ስብሰባ ስገባ በር አጠገብ እቀመጥ ነበር፤ ያልገባኝ ሲበዛ ሳልታይ ለመውጣት። የዚያን ዕለት ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተሳሳትኩ፣ ተሳቀብኝ፣ ደግሞም ሹራብ ለበስኩ። ከዚህ በላይ ምን ሊመጣብኝ? አሁን የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሲሆን እግሬ የሚሄድበትን ያውቃል። ፊት እቀመጣለሁ፤ ያልገባኝን «አልገባኝም» እላለሁ። አንዳንዴ እኔ ስል ከኋላዬ ያለው ልጅ በሹክሹክታ «እኔም» ይላል። እንሳሳታለን ብላችሁ የምትፈሩበት ቦታ ካለ፣ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን ግቡ።

ጃርሶ ከዓመታት በኋላ ትዳር ይዞ ወደ ያቤሎ ተመለሰ። ባለፈው ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ይዞ ቤቴ ገባ። በረንዳ ላይ ልጁን ታቅፌ ያችን ቅዳሜ አንሥተን ስንስቅ፣ «እማማ፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ» አለኝ።

«ምንድን ነው?»

«ሁለቱን ላስታርቅ ብዙ ሞክሬ ነበር፤ እንቢ አሉኝ። የዚያን ዕለት እየተናገርኩ በመስኮቱ አየሁዎት። እኛ ልጆቹ ኮንፍሊክት እንላለን እንጂ ግጭት የሚል ሰው በመካከላችን የለም። በአማርኛ ግጭት ያልኩት፣ ስማቸውንም ጮክ ብዬ የጠራሁት፣ እርስዎ እንዲሰሙኝ ነው።»